«ቀነሰ» የተባለው የት ደረሰ?

ዛሬ ጠዋት ደሴ አራዳ ወርጄ፣ ባለፈው ወር አንድ ኪሎ ሽንኩርት በገዛሁበት ብር ግማሽ ኪሎ ተመዝኖልኝ ተመለስሁ። ቤት ስገባ ሬዲዮው የወሩ የዋጋ ግሽበት መቀነሱን ያበስራል። እሰየው! ታዲያ ቅናሹ ኮምቦልቻ ደርሶ የሐረጎን ዳገት መውጣት አቅቶት ይሆን?

እርግጥ ነው፣ ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት ሳይሆን፣ ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ረገብ አለ ማለት ነው። ይህን ለሽሮ ድስቴ ማን ያስረዳልኝ? የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዘይቱም፣ ሳሙናውም፣ የባጃጁም ሒሳብ ሽቅብ እንጂ ቁልቁል መሄድን አያውቅም። የጦሳ ተራራ እንኳ ጫፍ አለው። የተረጋጋው ደመወዜ ብቻ ነው።

ነጋዴው ምክንያቱን ስጠይቀው «ዶላር ጨምሯል» አለኝ። ሽንኩርቱ ከዚሁ ከቆቦ የመጣ መስሎኝ ነበር።