መገጭ በግጥም ሰዓት፦ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ፖለቲካን ይንካ ወይስ ይተው?

ጎንደር ውስጥ በአንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ የሥነ ጽሑፍ ሰዓት ላይ አንዲት አድማጭ ደውለው ለከተማዋ ውኃ ያመጣል ስለተባለው የመገጭ ግድብ ግጥም ማንበብ ሲጀምሩ መስመሩ ተቋረጠ፤ በምትኩ የማሲንቆ ዜማ ገባ። በነገሩ የማይስማሙ ሁለት ሰዎች በጽሑፍ እንዲሟገቱ ጠየቅን። አንደኛው በጣቢያው የፕሮግራም ኮሚቴ አባል የሆኑ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር ናቸው። ሌላዋ የሥነ ጽሑፉን ሰዓት የምታሰናዳው ወጣት ናት።

መምህሩ፦

ልጄ፣ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ አንቺ አልተወለድሽም። ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤቱን ሁሉ ያስገባ ነበር። የሰብለ ወንጌልን ነገር ስንሰማ ማን የማን ወገን እንደሆነ አልተጠያየቅንም። የማኅበረሰብ ሬዲዮ እንዲህ ሰው የሚሰበስብ መሆን አለበት። ፖለቲካ እንደሆነ አልጎደለብንም፤ ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም ቀኑን ሙሉ ይወርድልናል። በአታ ለማርያም አቋቋም በሚያስመሰክሩባት ከተማ፣ ቅኔ በየደብሩ በሚዘረፍበት አገር፣ ጣቢያችን ለቅኔ አንድ ሰዓት እንኳ አልመደበም። መጀመሪያ እሱን እንሙላ። ግጥም ማንንም አስቀይሞ አያውቅም፤ ፖለቲካ ግን ገና አፍ ሲከፈት ሰው ይለያያል። ሕጉም ከእኔ ጋር ነው፤ የ1999 ዓ.ም. የብሮድካስት አዋጅ ለፖለቲካ ድርጅት ፈቃድ አይሰጥም።

አዘጋጇ፦

ጋሼ፣ አዋጁ የከለከለው ፓርቲ የሬዲዮ ባለቤት እንዳይሆን ነው እንጂ አድማጭ ስለ ውኃ እንዳይናገር አይደለም። ደግሞም በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። እሱን ልለፈው። «ግጥም ማንንም አስቀይሞ አያውቅም» የሚለውን ግን ከአንድ የአማርኛ መምህር እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶቹ ጠንቋዩንም አዝማሪውንም እየለቀሙ የገደሉት ድምፃቸው ስለሻከረ ነው? ጉዱ ካሳስ? ጎረቤት ተሰብስቦ ሲሰማው ስለ መኳንንቱ የተናገረው የፍቅር ወሬ ነበር? የሰብለን እንባ አስታውሰው የእሱን ምላስ ረሱት።

እኒያ እናት ሊያነቡ የፈለጉት ይህን ነው፤ የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ስለተቆረጡ ቀሪውን በኋላ ደውዬ ነው የተቀበልኳቸው፦

መገጭ ይመጣል ሲሉ ጀሪካን ደረድሬ፣
ልጄ ለወግ ደረሰች እኔም አረጀሁ ዛሬ።

ስድቡ የቱ ላይ ነው? ውኃ የምናገኝበት የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ የመገጭ ግንባታ ከአሥር ዓመት በላይ ሲጓተት ያየ የጎንደር ሰው ሌላ ምን ይግጠም?

መምህሩ፦

ጉዱ ካሳን አልረሳሁትም፤ ስንቱን ተማሪ አስተምሬበታለሁ። ግን እሱ የተናገረው በልብ ወለድ ውስጥ ነው፤ ደራሲው አስቦበት፣ አስተካክሎ፣ ቦታ ሰጥቶት። ሴትዮዋ ያነበበችው ግጥም አይደለም፣ አቤቱታ ነው። ለአቤቱታ ደግሞ የሚቀርብበት መስኮት አለው።

ደግሞ ከሬዲዮ የወጣ ቃል እንደ ጋዜጣ ተመልሶ አይሰበሰብም። በሩዋንዳ ሚል ኮሊን የተባለው ጣቢያ በ1994 እ.ኤ.አ. ጎረቤትን በጎረቤት ላይ ከማዝመቱ በፊት አድማጭ ያፈራው በሙዚቃና በቀልድ ነው። እኛስ በየሰፈሩ ሐዘን የተቀመጠ ቤት ባለበት በዚህ ጊዜ ስልክ ከፍተን «ያሻችሁን ተናገሩ» ብንል ማን ይጠየቃል? አንቺ ትጠየቂያለሽ?

አዘጋጇ፦

«አቤቱታ ነው» አሉ። ጋሼ፣ ያ መስኮት «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚባልበት አይደለም? አዝማሪ በጌታው ግብር ላይ ቆሞ ድሀው እንዲህ ይላል እያለ ሲገጥም የነበረው ምንድን ነው? አቤቱታ ነዋ! ሰሙን ለጌታው፣ ወርቁን ለአገሩ። ከቡርቧክስ የአዝማሪ መንደር ሰው አምጥተን የቡና ማስታወቂያ ብቻ እያዘፈንን «ባህል አስተላለፍን» የምንለው ነገር እኔን ያሳፍረኛል።

እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይም አለ። በአሜሪካ በርክሌይ ከተማ ኬፒኤፍኤ የተባለው ጣቢያ በ1949 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ማስታወቂያ ትቶ በአድማጭ መዋጮ ቆመ፤ ፖለቲካውንም ግጥሙንም ሙዚቃውንም አንድ ላይ አቀረበ። አድማጭ ያቆመው ሬዲዮ ኮሚቴ አይፈራም።

መምህሩ፦

በርክሌይ! ከአንገረብ ተነስተን በርክሌይ ደረስን። ቅዳሜ ገበያ ቲማቲም ዘርግታ የምትውለው፣ አንድ ጀሪካን ውኃ በገንዘብ የምትገዛው ሴት ለሬዲዮ ታዋጣ ነው የሚባለው? እሷ ካላዋጣች የሚያዋጣው ባለ ሆቴሉ ነው። ያኔ ስለ ውኃ የሚገጠም ግጥም ምን ሊሆን እንደሚችል ልንገርሽ፦ ሆቴሉ የራሱ ጉድጓድ አለው፤ ስለዚህ ውኃ ችግር አይደለም።

«ኮሚቴ አይፈራም» የተባለው እኔን ለመንካት ከሆነ ግን እንተዋወቅ፣ ወይዘሪት አዘጋጅ። እኔ ለእርስዎ ፕሮግራም መጽሐፍ ከቤቴ ተሸክሜ ያመጣሁ ሰው ነኝ። መስመሩን ያስቆረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ከኮሚቴውም ያዘዘ የለም። ቴክኒሻኑ በገዛ እጁ ነው የቆረጠው። ስም ከማጥፋት በፊት ይጠየቃል።

አዘጋጇ፦

መጽሐፉን አልካድኩም፣ መምህር፤ ስምዎንም አልጠራሁም። ግን የጻፉትን መልሰው ያንብቡት። ማንም አላዘዘውም! ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ «መገጭ» የሚለውን ቃል እንደሰማ እጁ ወደ ቁልፉ ሄደ። ይህን ከየት ተማረው? ከሚክሰሩ ጎን በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ «ከስሜታዊ ይዘት እንጠንቀቅ» ትላለች። ፊርማ የላትም፣ ቀን የላትም። ኮሚቴው በየስብሰባው ያያታል፤ ማን እንደለጠፋት ጠይቆ አያውቅም። ስሜታዊ ይዘት የሌለው ግጥም ደግሞ እንዴት ያለ እንደሆነ ተማሪዎችዎን ይጠይቁልኝ።

መዋጮውን ተዉት፣ በርክሌይንም ተዉት። የምለው አንድ ነው፤ የተከለከለ ነገር ካለ ተዘርዝሮ ይጻፍ፣ ኮሚቴው ይፈርምበት፣ በአየር ላይም ይነበብ። ያልተጻፈውን ማንም አይቁረጥ።

መምህሩ፦

ይጻፍ፤ እኔም እፈርማለሁ። ወረቀቷም ትነሳ፤ ሰዋስዋ ራሱ ልክ አይደለም። የሴትየዋም ስንኝ ይነበብ፤ ቤቱ ይመታል፣ አልዋሽም። ነገር ግን ተቀድቶና ተደምጦ ነው የሚተላለፈው። ማንም ከየትም ደውሎ በቀጥታ ይገባል ካላችሁ ስሜን ከኮሚቴው ሰርዙ።

አዘጋጇ፦

ተቀድቶ ከሆነ አይመጡም። ጠይቄያቸዋለሁ። «ከዚህ በፊትም በቀጥታ እየገባሁ ነው የቆረጣችሁኝ፤ በቴፕማ ምን ታደርጉኝ» ነው ያሉኝ።