«ዘመነ ሉቃስ ነው፣ አትንኩት»

ሰሞኑን አንድ ጎበዝ ዴቨሎፐር ኮሜንትን፣ ማለትም ኮድ አጠገብ ለሰው የሚጻፈውን ማስታወሻ፣ «ትርፍ ነው፣ ጥሩ ኮድ ራሱን ያስረዳል» ሲል ሰማሁት። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። እስከ ጳጉሜን 6፣ 2015 ድረስ።

ለደንበኞች ቴክስት የሚልክ አንድ ሲስተም ላይ እሠራ ነበር። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይረው ኮድ ውስጥ፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ይኑራት የምትል መስመር አለች። አጠገቧ ምንም አልተጻፈም። የጻፋት ልጅ ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል። እኔ ደግሞ የማውቀው ለ4 እኩል የሚካፈለውን የፈረንጆቹን ሊፕ ይር ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ተሳስቷል ብዬ 3ቷን 0 አደረግኳትና ወደ ማኪያቶዬ ተመለስኩ። ሪቪው ያደረገው ጓደኛዬም ዝም ብሎ አሳለፈው።

ለወራት ምንም አልተሰማም። ጳጉሜን 6 ሰኞ ጠዋት ግን ሲስተሙ ዓመቱን አንድ ቀን ቀድሞ አዞረውና ለደንበኛው ሁሉ «እንኳን አደረሳችሁ» ላከ። ሰው ገና ዶሮ ሳይገዛ! ስልኩ ሲጮህ ዋለ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት ሳቀች። «አንተ ልጅ፣ ዘንድሮ ሉቃስ አይደል እንዴ?» ኮድ አይታ አታውቅም። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መሆኑን ግን ታውቃለች። ኮዱ ምን እንደሚሠራ ፍንትው ብሎ ይታይ ነበር፤ ለምን 3 እንደሆነ ግን የትም አልነበረም። «ራሱን ያስረዳል» የምትሉ ልጆች፣ ሉቃስን ከ3 ውስጥ እንዴት ነው የማወጣው?

በእርግጥ ቁጥር ላይ አንድ የሚጨምር መስመር አጠገብ «አንድ ጨምር» የሚል ኮሜንት እኔም ያናድደኛል። ከሱ የባሰው ደግሞ የሚዋሸው ነው። እዚያው ፋይል ላይ «8 ዓመት ቀንስ» የሚል ኮሜንት ስር ኮዱ 7 ይቀንሳል። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው ልዩነቱ፤ አንዱ ኮዱን አስተካክሎ ኮሜንቱን ረስቶታል።

በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው 6ኛው የዩኒክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እትም ኮድ ውስጥ «ይሄ ይገባሃል ተብሎ አይጠበቅም» የሚል ዝነኛ ኮሜንት አለ። ከሠሪዎቹ አንዱ የነበረው ዴኒስ ሪቺ፣ ነገሩ ያኔ ለእነሱም በደንብ እንዳልገባቸው ኋላ ላይ ተናግሯል። ቢያንስ አስጠንቅቀዋል።

3ቷን መልሻታለሁ። ከላይዋ በአማርኛ «ዘመነ ሉቃስ ነው፣ አትንኩት» የሚል አለ። ቀጣዩ ሉቃስ 2019 ነው፤ ያኔ እኔም እዚያ አልኖር ይሆናል።