መድኃኒቱን ከመጠየቅ ባሻገር

ውጭ ያለን ሰዎች ሀገር ቤት ስንደውል አእምሮውን ስለታመመው ዘመድ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «መድኃኒቱን ይወስዳል?» የምንልከው ብርም ለዚያው ነው። ለንደን ውስጥ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው የካምበርዌል መመዘኛ የተባለ መጠይቅ ግን ስኪዞፍሬኒያን የመሰለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ስላለበት ሰው 22 ጉዳይ ይጠይቃል። የሕመሙ ቅዠት፣ ማለትም የሌለ ድምፅ መስማትና የመሳሰለው፣ ከነዚያ አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት መኖሪያ፣ ምግብ፣ የቀን ውሎ፣ የአካል ጤና፣ ወዳጅ፣ ገንዘብ እያሉ ይቀጥላሉ። በእያንዳንዱ ጉዳይ ችግር ከሌለ 0፣ በእርዳታ ከተቃለለ 1፣ ከባድ ሆኖ ከቀጠለ 2 ይባላል። ታማሚውና አስታማሚው የሚጠየቁት ለየብቻ ነው። እናት «ሌሊት ይጮኻል» ስትል እሱ «ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቼ እውላለሁ» ሊል ይችላል። ሁለቱም ይመዘገባል፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዝም።

እዚህ ብዙ ታማሚ ክፍልና ድጎማ ያገኛል፣ ነርስም ትጎበኘዋለች፤ «ወዳጅ» ላይ ሲደረስ ግን ብዙ ጊዜ 2 ነው። ሀገር ቤት ሰው አለ። የጎደለው መረጃ ነው።

ለምሳሌ ለቅዠቱ የሚሰጠውን ሃሎፔሪዶል የተባለ መድኃኒት የጀመረ ሰው አንገቱ ሊጠማዘዝ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊገለበጥ፣ አንድ ቦታ መቀመጥም ሊያቅተው ይችላል። ቤተሰብ ሕመሙ የባሰበት ይመስለዋል፣ ወይም ታማሚው ራሱ መድኃኒቱን ይተዋል። ሐኪም መጠኑን ቀንሶ ወይም ይህን የሚያስታግስ ሌላ መድኃኒት ጨምሮ ሊያቃልለው የሚችል ችግር ነው፤ ይህን ቀድሞ የነገራቸው የለም። አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ ረሃብ ይቀሰቅሳል፤ የሚበላ ከሌለ ማን ይውጠው? በየ2 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው መርፌ ለሚረሳ ሰው ጥሩ ነው። ግን ቀጠሮ ሲያልፍ መድኃኒቱ ከሰውነት ቀስ እያለ ስለሚወጣ ሕመሙ የሚያገረሸው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያኔ ከቀረው መርፌ ጋር የሚያያይዘው አይገኝም። ስሜትን የሚያረጋጋውን ሊቲየም የተባለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ እጁ በኃይል ከተንቀጠቀጠና ከተንገዳገደ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

እነዚህ ታማሚዎች ከሌላው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም በልብና በመሳሰለው የአካል በሽታ። «ደረቴን አመመኝ» ሲል እንደ ቅዠት መቁጠር እዚህም እዚያም አለ፤ ያሳዝናል።

ስለዚህ ስልኩን ለራሱ ያቀብሉልን፤ ውሎውን፣ ምግቡን፣ እንቅልፉን እንጠይቀው። ከምንልከው ብር ላይም አስታማሚዋን በሳምንት አንድ ቀን ለሚተካ ሰው እንመድብ። እንቅልፉ ለተከታታይ ሌሊቶች ከቀነሰ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሕክምና ይወሰድ።