ማስተካከያ፦ የዝላይ ልምምዱ በየቀኑ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ለአራት ኪሎ አካባቢ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ባዘጋጀሁት ጽሑፍ፣ የፕላዮሜትሪክ ልምምድ (የእግርን የመወንጨፍ ኃይል ለመጨመር የሚሠራ የዝላይ ልምምድ) «በየቀኑ፣ ከአንድ ሜትር ሳጥን ላይ እየወረዱ በመዝለል» ይሠራ ብዬ ነበር። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ትክክለኛው በሳምንት ሁለት ቀን ሲሆን በመካከሉ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ዕረፍት ያስፈልጋል። ለጀማሪ በአንድ ልምምድ ከ80 እስከ 100 ዝላይ ይበቃዋል፤ ያውም ያለ ሳጥን። ከሳጥን ወርዶ መዝለል ልምድ ላለው ነው፤ እሱም ከ30 ሳንቲሜትር ቢጀምር ይሻላል። እግር መሬት ሲረግጥ ጡንቻና ጅማት እንደ ላስቲክ ይለጠጣሉ፤ ተጫዋቹ ወዲያው ከዘለለ ያጠራቀሙትን ኃይል ይመልሳሉ። ሳጥኑ ሲረዝም ግን ተጫዋቹ መሬት ላይ ይዘገያል፣ ኃይሉም ይባክናል። የሚተርፈው የጉልበት ሕመም ነው። አንድ አባት «ልጄ ደረጃ መውረድ አቃተው» ብለው ደውለውልኛል፤ እሳቸውን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ሜዳችን ሲሚንቶ መሆኑንም ዘንግቼ ነበር። ሣር ከተገኘ ሣር ላይ ይሠራ።

የቀለበቱ ከፍታ 3.05 ሜትር ነው ያልኩት ግን ትክክል ነው፤ እሱን አልነካውም።