ባለፊሽካው ሊቅ

ምስጋና ለማን ይገባል ብትሉኝ፣ በሱሉልታ መንገድ ዳር ባለው ሜዳ ዘወትር ማክሰኞ ፊሽካ ይዞ ለሚቆመው የዩኒቨርሲቲ ረዳት ምሩቅ፣ ማለትም በቅርቡ ተመርቆ ማስተማር ለጀመረው የስፖርት መምህር እላለሁ። ይቅርታ፣ ለሚቀመጠው። ባሕር ዛፉ ሥር የፕላስቲክ ወንበር አለችው፤ ጥላው ሲዞር አብራ ትዞራለች። በክፍለ ጊዜው የምትንቀሳቀሰው እሷ ብቻ ናት የሚሉት ምቀኞች ናቸው፤ ኳሷም ትንቀሳቀሳለች።

ትምህርቱ ቀላል ነው። ስም ይጠራል፣ ኳስ ይወረወራል። 22 ወንዶች ይራወጣሉ፤ የተቀሩት፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ሹራብ ይጠብቃሉ። ሹራብ መጠበቅም ትዕግሥትን ያጎለምሳል። (እኔም በዘመኔ ጨጓራዬን አመካኝቼ የሹራብ ዘበኛ ነበርኩ፤ ኤ ነው ያመጣሁት።) ዝናብ ሲጥል ክፍል ተገብቶ የቮሊቦል ሜዳ 18 በ9 ሜትር፣ የወንዶች መረብ ከፍታ 2.43፣ የሴቶች 2.24 ተብሎ ይጻፋል። ተማሪው ይህን በቃሉ ይወጣዋል። መረብ ግን የለም። በሁለት ዛፎች መካከል የተወጠረች ገመድ አለች፤ የጥበቃው ጋቢ ይሰጣባታል።

ከአጥሩ ማዶ አትሌቶች እያለከለኩ ያልፋሉ። ምስኪኖች! አሰልጣኛቸው አብሯቸው ስለሚሮጥ ጥላ የሚባል ነገር አያውቁም።

ይህ ጥበብ ከየት መጣ? ዳን ሎርቲ የተባለ አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት በ1975 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ሰው ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ 13 ሺህ ሰዓት ያህል መምህራኑን ሲመለከት ይኖራል፤ ስለ ማስተማር ያለው እምነት የሚቀረጸው ያኔ ነው። ሰውየው ነገሩን እንደ ችግር ነው ያነሣው፤ የእኛን ሰው ስላላየ ነው። የእኛ ሰው የስምንተኛ ክፍል የስፖርት መምህሩ ቁልፍ በጣታቸው እያሽከረከሩ «በሉ ተጫወቱ!» ሲሉ ሰዓቱን ሳያባክን አጥንቷል። ዛሬ ቁልፉን የሚያሽከረክረው በዚያው ጣት ነው። ዩኒቨርሲቲው ፊሽካ ሰጥቶ ሜዳ ካወጣው ወዲህ ሲያስተምር መጥቶ ያየው የለም። ለእንዲህ ያለው ሰው ማስተማርን ማሳየት «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይሆናል። ስለ ማስተማር ዘዴ የወሰደውን ኮርስ እንደሆነ በጥሩ ውጤት አልፎ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ተቀባዩ ወደ ኋላ አያይም፤ እጁን ዘርግቶ የሰጡትን ይዞ ይሮጣል። እሱም የተቀበለው ምን እንደሆነ ዞሮ አላየም፤ መሮጡ ብቻ ነው የቀረው።

ባለፈው ማክሰኞ ስልክ ተደወለለትና ፊሽካውን ለአንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሰጥቶ ወጣ አለ። ልጁ ኳሷን ወረወረ፣ ወንበሯን ወደ ጥላው ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ቁልፍ ስላልነበረው የፊሽካውን ክር በጣቱ ያሽከረክር ጀመር።