የዩምቡላጋንግ ዕድሜ

በደቡብ ቲቤት፣ በያርሉንግ ሸለቆ፣ አንድ ሹል ኮረብታ ጫፍ ላይ ጉብ ያለ ነጭ ቤተ መንግሥት አለ። ዩምቡላጋንግ ይባላል። ለጎብኚ ሲተዋወቅ «ከ2000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ» ይባላል። እኔ እዚህች ላይ አልስማማም።

ግድግዳው እኮ ገና ጎልማሳ ነው። በቻይና የባህል አብዮት (በፈረንጆቹ ከ1966 እስከ 1976) ሕንጻው ፈርሷል። ዛሬ ሰው ፎቶ የሚነሳበት በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ እንደገና የተሠራው ነው።

የሚያረጀውስ ታሪኩ ነው። ያውም ምን የመሰለ ታሪክ! የመጀመሪያው ንጉሥ ንያትሪ ሴንፖ ከሰማይ ወረደ ይላሉ። ያገኙት ሰዎች «ከየት መጣህ?» ቢሉት ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። በቃ፣ ትከሻቸው ላይ አውጥተው አነገሡት። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው፤ «አንገት ዙፋኑ» እንደ ማለት። ቤተ መንግሥቱም ለእሱ ተሠራ ይባላል። እሱና ተከታዮቹ ስድስት ነገሥታት ሲሞቱ ገመድ ይዘው ወደ ሰማይ ይመለሱ ነበር። ስምንተኛው ድሪጉም ግን ሲዋጋ ገመዱን በገዛ ሰይፉ በጠሰው። ከዚያ ወዲህ ንጉሥም እንደ ማንም ሰው መቃብር አስፈለገው።

እኔ የምወደው የ28ኛውን ንጉሥ፣ የላቶቶሪን ነው። በእሱ ዘመን የቡድሃ መጻሕፍት ከሰማይ የዚሁ ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ወደቁ። የሚያነብ ጠፋ። ንጉሡ ግን አልጣላቸውም፤ ከአምስት ትውልድ በኋላ ትርጉማቸው ይገለጣል ተብሎ በክብር ተቀመጡ። አምስተኛው ትውልድ ደረሰና በ7ኛው ክፍለ ዘመን ሶንግሴን ጋምፖ ነገሠ። መናገሻውን ወደ ላሳ ያዛወረው፣ የቲቤትን ፊደል አስቀረጸ የሚባለውም እሱ ነው።

«የትኛው ጥንታዊ ሕንጻ ነው ያልታደሰው?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ግን ዘሞ የተጠገነና ሰው ሆን ብሎ ያፈረሰው አንድ አይደሉም። «2000 ዓመት» ብሎ ዝም ማለት አፍራሹን ነፃ ያወጣል። መልሰው የገነቡትንም እጆች ይደብቃል። መግቢያው ላይ የፈረሰበትም እንደገና የተሠራበትም ዓመተ ምሕረት ቢጻፍ ምን ይጎዳል? አፈ ታሪኩ እንደሆነ አይነካም።

ከኮረብታው ብዙም ሳይርቅ ዞርታንግ የሚባል እርሻ አለ። በቲቤት መጀመሪያ የታረሰው መሬት እሱ ነው ይላሉ። ገበሬዎች አዝመራው እንዲሰምር ከአፈሩ ቆንጠር አድርገው ይወስዳሉ። አፈሩን ዕድሜውን የሚጠይቀው የለም።