ዛሬ በ21 ቀን ልዋሽ?

ከእግዚአብሔር ጋር ተቀራርቦ መኖር ምን እንደሚመስል ለማየት የሚሻ ሰው ገዳም ለገዳም አይንከራተት፤ ወደ ወሎ ገበያ ይምጣ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተው በጾምና በጸሎት የደከሙለትን ቅርበት፣ የእኛ ነጋዴ ሚዛኑን ከእጁ ሳያወርድ አግኝቶታል። እሳቸው ይጸልዩ ነበር፤ እሱ ይምላል። ልዩነታቸው ይኸው ነው።

እስቲ ደሴ ገበያ ማር ሻጩ ፊት ቁሙና «ስኳር አለበት?» በሉት። አለበት ወይም የለበትም የሚል መልስ የምትጠብቁ ከሆነ ሃይማኖት ገና አልገባችሁም። መጀመሪያ «ማርያምን!» ይላል። ፊታችሁ ካልተፈታ «ግማደ መስቀሉን!» ይከተላል፤ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በግሸን አምባ በክብር ያስቀመጡት ግማድ ለአንድ ኪሎ ማር ዋስ ሊሆን ገበያ ይወርዳል። አሁንም ካልታመነ የአንገቱን ክር በሁለት ጣቶቹ ስቦ ያወጣል፤ «ማተቤን!» ጣቶቹ ክሩ ላይ ትንሽ ይጣበቃሉ። ማር ነው ብለን እንለፈው። ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበውት ነበር ይባላል፤ በዚህ ማር ዙሪያ ግን ከመሐላው በቀር ሲዞር ያየሁት ነገር የለም።

የቀን መቁጠሪያውም ያግዘዋል። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ27 መድኃኔዓለም አለለት። «ዛሬ በ21 ቀን ልዋሽ?» ሲል ማን አፉን ከፍቶ «አዎ» ይለዋል? ሠላሳው ቀን ሁሉ ባለቤት ስላለው የሚዋሽበት ቀን ቢፈለግ አይገኝም። ለጳጉሜን አስቀምጦት ይሆናል እንዳይባል እሷም በ3 ሩፋኤል አለባት። ታዲያ ይህ ሁሉ ቀላቅሎ መሸጥ የሚከናወነው በየትኛው ቀን ይሆን? ዐቢይ ጾም ሲገባማ ሃምሳ አምስቱንም ቀን «በጾም አፌ!» ነው። ደግሞም ትክክል ነው፤ ውሸት ከሥጋም ከወተትም ስላልተሠራ አያስገድፍም።

ገዢዋም በመንፈሳዊነት አታንስም። «ማርያምን፣ ከዚህ ሌላ ሳንቲም የለኝም» ብላ ታስቀንሳለች፤ ከተስማሙ በኋላ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ባለ 200 ብር ኖት ታወጣና መልስ ትጠብቃለች። ሁለቱም በአንዲት እመቤት ምለው፣ ሁለቱም ዋሽተው፣ ተመራርቀው ይለያያሉ።

ወሎዬ መሆን ደግሞ ተጨማሪ በረከት አለው። «ማርያምን» ብሎ ያልታመነ ባለማተብ ከሙስሊም ጎረቤቱ «ወላሂ» ተበድሮ ይጨምርበታል። አብሮ መኖራችን የሚወደሰው በከንቱ አይደለም፤ እንኳን ድግስና ለቅሶ መሐላም እንዋዋሳለን።

አንዳንድ ጥብቅ ሰዎች «ከቶ አትማሉ፤ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» የሚለውን የጌታን ቃል እያነሡ ገበያውን ሊያውኩ ይሞክራሉ። ቃሉ የተነገረው ግን በተራራ ላይ ነው፤ ገበያ የሚቆመው ሜዳ ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ መንፈሳዊ ሕዝብ መካከል አንድ የሚያሳፍሩን ሽማግሌ አሉ። ከአምባሰል በኩል ማር በገንቦ ይዘው ይመጡና ገበያው ዳር ይቀመጣሉ። ዋጋ ሲጠየቁ ዋጋ ይናገራሉ፤ የማንንም ታቦት ስም አያነሡም። በቀደም ሁለት ሴቶች ፊታቸው ቆሙ።

«አባባ፣ ንጹሕ ነው?»

«ሰፈፍ አለው ልጄ። ከታች ደግሞ ትንሽ ጠቆር ይላል።»

«ማርያምን ይበሉ?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

ሴትየዋ ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «አይምሉም እኮ! አንድ ነገር ቢኖርበት ነው» አለችና ወደ ባለማተቡ ይዛት ሄደች።